ጫማዎን ከቁልቁለቱ በፊት ይፈትኑት

ሰው የተራራ ጫማ ሲመርጥ የሚያስበው ዳገቱን ነው። ጥፍር የሚያጠቁረው፣ ተረከዝ የሚልጠው፣ ሶል የሚገነጥለው ግን ቁልቁለቱ ነው። በስሜን ተራሮች ከቧሂት ሥር ካለው፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው መተላለፊያ ተነሥቶ ወደ አምቢቋ የሚጓዝ ሰው በአንድ ቀን ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ መሸሃ ወንዝ ይደርሳል። መንገዱ ኮረትና የተፈረካከሰ ጥቁር ድንጋይ ነው። ጠዋት ጨነቅ የድንኳን ሰፈር ላይ ምቾቱ ሲወራለት የነበረ ጫማ ከሰዓት በኋላ ወንዙ ዳር ወልቆ ይረገማል። ጫማው በእነዚያ ሰዓታት ውስጥ አልተበላሸም። ጠዋትም ያው ነበር፤ ጠያቂ አላገኘም እንጂ።

ይህን የምጽፈው ቅዳሜና እሑድ እንጦጦን፣ ወንጪን፣ ዝቋላን ወይም መናገሻ ሱባን ለሚረግጡና አንድ ቀን ስሜንን ወይም ባሌን ለማየት ላሰቡ ነው። ከሚከተሉት ምክሮች አብዛኞቹ ገንዘብ አይጠይቁም። የሚጠይቁት ጫማው ተራራ ላይ የሚነግርዎትን ክፉ ወሬ ቤትዎ ሳሉ ለመስማት መፍቀድን ነው።

መጀመሪያ፣ ያስፈልግዎት እንደሆነ ይወስኑ

ሁሉም መንገድ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ከባድ ጫማ አይፈልግም። በበጋ እንጦጦ ጫካ ውስጥ ለግማሽ ቀን ለሚራመድ ሰው፣ ሶሉ ያልተበላና ጥርስ ያለው ስኒከር ከበቂ በላይ ነው። የጫማ ክብደት በቀላሉ የሚታይ ነገር አይደለም። ጫማ ላይ የሚጨመር እያንዳንዱ 100 ግራም ሰው ለመራመድ የሚያወጣውን ጉልበት ወደ 1 በመቶ በሚጠጋ መጠን እንደሚያበዛ በተደጋጋሚ ተለክቷል። ሱቅ ውስጥ በእጅ ሲያዝ ኮስተር ያለና አስተማማኝ የሚመስለው ክብደት፣ ቀኑ ሲመሽ ጭን ላይ ይከማቻል።

ከፍ ያለ አንገት ያለው ጫማ ወለምታን ያስቀራል የሚለው እምነትም የተጋነነ ይመስለኛል። ቁርጭምጭሚትን ከድንጋይ ግጭት፣ ከእሾህና ከጭቃ ይጠብቃል፤ ይህ እውነት ነው። እግር ሲታጠፍ ግን ጨርቅና ስፖንጅ የሰውን ክብደት አይዙም።

ታዲያ መቼ ያስፈልጋል? ጉዞው ብዙ ቀን ሲወስድ፣ ጀርባዎ ላይ ጭነት ሲኖር፣ መንገዱ ኮረት ሲሆን፣ ብርዱ ሲበረታ። የስሜኑ ሳንቃበር ሰፈር 3,250 ሜትር አካባቢ ነው፤ ግጭና ጨነቅ ወደ 3,600 ይጠጋሉ፤ የባሌው የሳነቴ አምባ ደግሞ 4,000 ያልፋል። በበጋ ማለዳ ሣሩ ላይ አመዳይ ተጋግሮ ይጠብቃል፤ ፀሐይ ስትወጣ ይቀልጥና ስስ ጫማን በአሥር ደቂቃ ውስጥ ያረጥባል። እንዲህ ያለ ቦታ ደህና ጫማ ዋጋውን ይመልሳል።

ስሜን የሄደ ሁሉ የሚያነሣው ነገር አለ፦ በቅሎ ነጂው በኮንጎ ጫማ፣ ያለ ካልሲ፣ ከሁሉም ቀድሞ ሰፈሩ ደርሶ እሳት ሲያነድ ይገኛል። ይህን አይቶ «ታዲያ ጫማ ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። እሱ ግን እግሩን ከልጅነቱ ጀምሮ ከዚያ ድንጋይ ጋር አላምዷል። ቢሮ ተቀምጦ የኖረ እግር በሳምንት መጨረሻ አይደርስበትም።

ስለ ሁለት የተለመዱ ምትኮችም ልናገር። ከስክስ ጫማ ያላቸው ሰዎች «ወታደር የሚዘምትበት አይደል?» ይላሉ። ቆዳው ጠንካራ ነው፣ ስፌቱ ይታመናል፣ እግር ከለመደው ደረቅ መንገድ ላይ አያሳፍርም። ሶሉ ግን ደረቅ ነው፤ ቁልቁለት ላይ እያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ውስጥ ይሰማል። በግንባታ ቦታ የሚደረገውን ሴፍቲ ጫማ ግን ፈጽሞ አይምረጡት። አፍንጫው ውስጥ ያለው ብረት ዳገት ላይ ምንም አይልም። መውረድ ሲጀምሩ ጣት ከብረቱ ጋር ይጋጫል፤ ማለዳ ደግሞ ብረቱ ብርዱን ይዞ ይቆያል።

ሁለተኛ፣ ስሙን ትተው ስፖንጁን ይዩ

የተራራ ጫማ እኛ ዘንድ በሦስት በር ይገባል፦ በአዲስ ጫማ ሱቅ፣ በሰልባጅ ተራና ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ። ሦስቱም ጥሩ ጫማ አውጥተው ያውቃሉ፤ ሦስቱም ሰው አሳዝነው ያውቃሉ።

በአዲስ ሱቅ በኩል የሚያሳስበው ማስመሰል ነው። የታወቀ ስም የተለጠፈበት ጫማ በማይታመን ዋጋ ሲቀርብ ስሙን ይርሱትና ሶሉን ጎንበስ ብለው ይመርምሩ። ብዙ ሰው የቪብራምን ቢጫ ስምንት ማዕዘን ምልክት አይቶ ይረጋጋል። የቪብራም ሶል መነሻ አሳዛኝ ነው፦ በ1935 እ.ኤ.አ. በጣሊያን ተራሮች ላይ ስድስት ተራራ ወጪዎች በውርጭ ተይዘው ሞቱ፤ ቪታሌ ብራማኒ የሚባለው ተራራ ወጪ ከዚያ በኋላ በሚስማር በተመታው የቆዳ ሶል ፋንታ ጥርስ ያለው የጎማ ሶል ሠራ፤ በ1937 የባለቤትነት መብቱን አስመዘገበ። ምልክቱ ያን ታሪክ ይዟል፤ ግን ምልክት መቅዳት ሶል ከመቅዳት ይቀላል። ጥርሱን በጥፍርዎ ይጫኑት። ደህና ጎማ ትንሽ ይሰጥና ይመለሳል። እንደ ላስቲክ ዕቃ ደርቆ የሚያብረቀርቅ ከሆነ እርጥብ ድንጋይ ላይ ያንሸራትትዎታል። ቀጥሎ ጫማውን አፍንጫውና ተረከዙ ላይ ይዘው ያጥፉት፤ ማጠፊያው ጣቶችዎ በሚታጠፉበት ቦታ መሆን አለበት። መሐል ላይ እንደ ወረቀት ከታጠፈ ውስጡ ደካማ ነው ማለት ነው፤ ይመልሱት።

በሰልባጅና በሻንጣ በኩል ያለው አደጋ ሌላ ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ በተራራ ላይ የማውቃቸው ክፉ ገጠመኞች ግማሹ ከዚህ የመጡ ናቸውና።

መሬት በሚነካው ጎማና በላይኛው ቆዳ መካከል አንድ ወፍራም የስፖንጅ ንጣፍ አለ። ብዙ አምራቾች ይህን የሚሠሩት ፖሊዩሪቴን ከሚባል ነገር ነው። ምቹ ነው፣ ክብደት ይችላል፣ ቶሎ አይላሽቅም። ጠላቱ እርጥበት ነው። አየር ውስጥ ያለ እርጥበት ቀስ በቀስ ይገባበትና ውስጡን ይፈታዋል፤ ሙቀት ሲጨመርበት ይፈጥናል። ብዙውን ጊዜ ከተመረተ ከ5 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ ስፖንጁ ይሰነጠቃል፣ ይፈረፈራል፣ በመጨረሻም ጎማው ሙሉ በሙሉ ተገንጥሎ መንገድ ላይ ይቀራል። ይህ የሚሆነው ጫማው ብዙ ስለተደረገ አይደለም። በላስቲክ ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ዓመታት የተቀመጠ፣ ቆዳው ገና የሚያብረቀርቅ ጫማ እንዲያውም ይበልጥ ይጠረጠራል። አጎት አንድ ጊዜ አድርጎት ያስቀመጠው ውድ ጫማ «ምንም አልሆነም» ተብሎ ሲሰጥዎ አመስግነው ይቀበሉ፤ ዕድሜውን ሳያውቁ ግን ተራራ አይውጡበት። ሁለቱ እግር የተሠሩት በአንድ ጊዜ ስለሆነ፣ የቀኙ ሶል ሲወልቅ የግራውም ብዙ አይቆይም። ጠዋት አንዱን በገመድ አስሮ የጀመረ ሰው ከሰዓት በኋላ ሌላውን ሲያስር ይውላል።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። የጫማውን ምላስ ገልብጠው ከውስጥ የተሰፋውን መለያ ይፈልጉ፤ ብዙ አምራቾች የተመረተበትን ወርና ዓመት እዚያ ያትማሉ። ቀኑ ከ7 ዓመት በላይ ከሆነ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ እኔ አልገዛም። ቀን ካልተገኘ ስፖንጁን ከጎን በአውራ ጣትዎ በኃይል ይጫኑ። እንደ ክር የቀጠነ ስንጥቅ ካዩ፣ ጣትዎ ላይ ተጣብቆ ከቀረ፣ ወይም እንደ ዳቦ ፍርፋሪ ከረገፈ አልቆለታል። ሻጩ «በማስቲሽ ይያዛል» ይላል። አይያዝም፤ ማስቲሽ የሚይዘው ጤነኛ ነገርን ከጤነኛ ነገር ጋር ነው፤ ስፖንጁ ራሱ ከሞተ የሚጣበቅበት የለም። ኢቪኤ ከሚባለው ቀላል ስፖንጅ የተሠሩ ጫማዎች በዚህ መንገድ አይፈረፈሩም፤ የእነሱ ችግር እየተረገጡ ላሽቀው መቅረታቸው ነው። ላሽቀው ግን ቤት ያደርሱዎታል።

ጫማው በሻንጣ የሚመጣ ከሆነ ዘመድዎ ደውሎ «ቁጥርህ ስንት ነው?» ሲል ቁጥር ብቻ አይንገሩት። ካልሲ አድርገው ወረቀት ላይ ይቁሙ፣ ሰው ዙሪያውን በእርሳስ ይንደፍልዎ፣ ከተረከዝ እስከ ረጅሙ ጣት ያለውን ርዝመትና የእግርዎን ሰፊ ቦታ በሴንቲሜትር ለክተው የወረቀቱን ፎቶ ይላኩለት። የአሜሪካ 9 ቁጥር የወንድ ጫማ ከአውሮፓ 42 ጋር ይቀራረባል፤ የሴት 9 ግን 40 ገደማ ነው። «9 ቁጥር» ተብሎ ብቻ የተላከ መልእክት ስንት ሰው ያላደረገውን ጫማ እንዲሸጥ አድርጓል።

ሦስተኛ፣ ልኩ

ሱቅ የሚሄዱት ከሰዓት በኋላ ይሁን። እግር ሲቆምና ሲራመድ ይውልና ያብጣል፤ ተራራ ላይ ደግሞ ይብሳል። ለጉዞ የሚያደርጉትን ካልሲ ይዘው ይሂዱ፤ በሱቁ ስስ ካልሲ የተለካ ጫማ እንዳልተለካ ይቁጠሩት። የአብዛኛው ሰው ሁለት እግሮች እኩል ስላልሆኑ ልኩ የሚወሰደው በትልቁ እግር ነው።

የውስጡን ንጣፍ አውጥተው መሬት ላይ ያኑሩትና ይቁሙበት። ከረጅሙ ጣትዎ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል መትረፍ አለበት፤ እግርዎ በጎን ከንጣፉ ከፈሰሰ ጫማው ጠባብ ነው። ንጣፉን መልሰው፣ ማሰሪያውን ላላ እንዳደረጉት እግርዎን ወደ ፊት ይግፉ፤ ከተረከዝዎ ጀርባ አንድ ጣት ሊገባ ይገባል። ከዚያ ተረከዝዎን ወደ ኋላ አስጠግተው፣ ጠበቅ አድርገው አስረው ይራመዱ። ተረከዝ በጣም ጥቂት ቢነሣ ችግር የለውም፤ በየእርምጃው የሚወጣና የሚገባ ከሆነ ግን የመጀመሪያው ቀን ሳያልቅ ይላጣሉ።

አሁን ዋናው ፈተና። ቁልቁለት ይፈልጉ። የገበያ ሕንፃ ደረጃ ይሁን፣ ወደ ምድር ቤት የሚወርድ የመኪና መግቢያ ይሁን፣ በኃይል እየረገጡ ይውረዱ። ሻጩ ቢስቅ ይሳቅ። ጣትዎ የጫማውን አፍንጫ አንድ ጊዜ እንኳ ከነካ ያን ጫማ አይግዙ፤ ደረጃ ላይ አንድ ጊዜ የነካ ጣት ከቧሂት ሲወርድ ሺህ ጊዜ ይጋጫል፤ ጥፍሩም ጠቁሮ ይወድቃል።

«ሲለምድ ይለቃል» የሚለውን የሻጭ ዝማሬ ያውቁታል። ግማሹ እውነት ነው። ቆዳ በጎን በኩል ጥቂት ይሰጣል። በርዝመት ግን ምንም አይጨምርም፤ ሶሉ አይለጠጥማ። ስለዚህ ጎኑ ትንሽ ጠበቅ ያለ የቆዳ ጫማ ሊታሰብበት ይችላል፤ አፍንጫው ያጠረ ጫማ ግን ምንጊዜም አጭር ነው።

ሴቶች እዚህ ላይ የተለየ ጣጣ አለባቸው። ገበያው ላይ የሚበዛው የወንድ ጫማ ነው፤ በርዝመት ቢገኝ እንኳ ተረከዙ ይሰፋል። ይህን ለማካካስ ቁጥር መቀነስ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ችግሩን ከተረከዝ ወደ ጣት ማዛወር ይሆናል። ርዝመቱን ሳይነኩ ወፈር ያለ ካልሲ ማድረግና ማሰሪያውን ከታች በማሳየው መንገድ ማሰር ይሻላል።

አራተኛ፣ «ውሃ አያስገባም» የሚለውን ነገር ይመዝኑ

ብዙ ጫማ ላይ ጎርቴክስ የሚል ጽሑፍ ያገኛሉ። ቦብ ጎር የሚባለው አሜሪካዊ በ1969 እ.ኤ.አ. ቴፍሎንን በፍጥነት ለጥጦ ያገኘው ስስ ሽፋን ነው። ቀዳዳዎቹ ከውሃ ጠብታ እጅግ ያነሱ፣ ከላብ እንፋሎት ግን የሚበልጡ በመሆናቸው ውሃ ሳይገባ ላብ ይወጣል ይባላል። ይሠራል፤ እስከ ልኩ። ውሃ ከላይ፣ በአንገቱ በኩል ከገባ ያው ሽፋን ውሃውን ውስጥ ይዞት ያድራል። እንዲህ ያለ ጫማ አንድ ጊዜ ውስጡ ከራሰ በተራራ ብርድ ለመድረቅ ሁለት ቀን ሊወስድበት ይችላል። የላይኛው ጨርቅ ውሃ ሲጠጣ ደግሞ ላቡ መውጫ ያጣና፣ ምንም ውሃ ሳይገባ ካልሲዎ ይረጥባል፤ ሰውም «ቀዳዳ አለው» ብሎ ጫማውን ይከሳል።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። በበጋ ለሚጓዝ ሰው ይህ ሽፋን የግድ አይደለም፤ ደህና ቅባት የጠጣ ሙሉ ቆዳ የማለዳውን ጤዛና አመዳይ ይመክታል። በክረምት ቀኑን ሙሉ በዝናብ የሚጓዝን ሰው እግር ምንም ጫማ ደረቅ አድርጎ አያኖረውም፤ ያኔ የሚጠቅመው ቶሎ የሚደርቅ ጫማና ቅያሪ ካልሲ ነው። ወደ ዳናኪል የሚወርድ ሰው ደግሞ ሽፋን የሌለውን ይምረጥ፤ እዚያ የሚያስፈልገው በኤርታሌ ስለታም ድንጋይ የማይቆረጥ ወፍራም ሶል ነው። የክረምቱ ትልቁ ጠላት ዝናቡ ራሱ አይመስለኝም፤ ዋልካው ነው። ጥቁሩ ጭቃ በቀረቡ ጥርሶች መካከል ገብቶ ሶሉን እንደ ምጣድ ልሙጥ ያደርገዋል። ጥርሶቹ ተራርቀው የተቀመጡ ሶል ጭቃውን እየተራመዱ ይጥለዋል።

አምስተኛ፣ እግርዎንና ጫማዎን ያስተዋውቁ

አዲስ ጫማ ይዞ ለስሜን ጉዞ ደባርቅ መድረስ ያልተነበበ ውል መፈረም ነው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ማታ ማታ ቤት ውስጥ ብቻ ያድርጉት፤ ሶሉ ካልቆሸሸ ሱቁ ሊቀይርልዎ ይችላል። ቀጥሎ ሰፈር ውስጥ፣ ሱቅና ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ። ጨርቅ የሚበዛበት ጫማ በጥቂት ቀን ይለምዳል፤ ወፍራም ቆዳ ግን ሳምንታት ይፈልጋል። ውሃ ውስጥ ነክሮ እግር ላይ ማድረቅ የሚባለውን የድሮ ዘዴ ይተዉት፤ የዛሬ ጫማ በማጣበቂያ የተያያዘ ነው፣ ይጎዳዋል።

ለአዲስ አበባ ነዋሪ ከሁሉ የተሻለው መፈተኛ እንጦጦ ነው። ለጉዞው የሚይዙትን ቦርሳ ከነክብደቱ ተሸክመው ከሽሮ ሜዳ እስከ እንጦጦ ማርያም ይውጡ፤ ከዚያ ታክሲ ሳይዙ በእግርዎ ይመለሱ። ዳገቱ ስለ ተረከዝዎ ይነግርዎታል፣ መልሱ ስለ ጣቶችዎ። ቤት ሲደርሱ ካልሲዎን አውልቀው እግርዎን ይመርምሩ፤ የቀላ ቦታ ካለ ነገ የሚላጠው እሱ ነው። ያንኑ ቦታ ከጉዞው ቀን ጀምሮ አስቀድመው በፕላስተር ይሸፍኑት።

ስድስተኛ፣ ካልሲ፣ ማሰሪያና የቋጠረ ውሃ

ወፍራም የጥጥ ካልሲ ሲታይ ለተራራ የተፈጠረ ይመስላል። ላብ ይጠጣና አይለቅም፤ እርጥብ ቆዳ ደግሞ ከደረቅ ቶሎ ይላጣል። ሱፍ ከተገኘ ሱፍ፤ ካልተገኘ ረጅሙ የኳስ ካልሲ ከጥጡ ይሻላል። ሥሩ ስስ ካልሲ ደርቦ ማድረግ ሰበቃው በሁለቱ ካልሲዎች መካከል እንዲቀር ያደርጋል፤ ጫማውን ሲለኩም እንዲሁ ደርበው ከሆነ ብቻ። ምሳ ላይ ካልሲ ይቀይሩ፤ ያወለቁትን ቦርሳዎ ላይ ያንጠልጥሉት።

ማሰሪያውን ብዙ ሰው ጠዋት አስሮ ማታ ይፈታዋል። ዳገት ላይ ከላይ በኩል ላላ ይበል፣ ቁርጭምጭሚት ይታጠፍበታል። ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ግን ይቁሙ፣ ተረከዝዎን መሬት መታ አድርገው ወደ ኋላ ያስገቡ፣ ከእግር ጀርባ እስከ ላይ አጥብቀው እንደገና ይሰሩት። ተረከዝ የሚነሣ ከሆነ ይህን ይሞክሩ፦ ከላይ ያሉትን የመጨረሻ ሁለት ቀዳዳዎች በየጎናቸው አያይዘው ትንሽ ቀለበት ይሥሩ፤ የቀኙን ጫፍ በግራው ቀለበት፣ የግራውን በቀኙ አሳልፈው ወደ ታች ይሳቡና ይቋጥሩ። ቁርጭምጭሚት ተይዞ ይቀራል። የእግር ጥፍርዎንም ከጉዞው ሁለት ሦስት ቀን በፊት ቀጥ አድርገው ያሳጥሩ፤ ዋዜማው ላይ ከሆነ ጠርዙ ስለት ሆኖ ካልሲ ይቀድዳል።

ተረከዝዎ ወይም ጣትዎ ሞቅ ሞቅ ሲለው ያኔውኑ ይቁሙ። ቡድኑ ይጠብቅ። ይሉኝታ ይዟቸው «ሰፈሩ ስንደርስ አየዋለሁ» የሚሉ ሰዎች ሰፈሩ ሲደርሱ የሚያዩት የተላጠ ሥጋ ነው። ጫማና ካልሲ አውልቀው እግሩን አድርቀው ፕላስተር ይለጥፉበት፤ አምስት ደቂቃ ነው። ውሃ ከቋጠረና ትንሽ ከሆነ ሸፍነው ይተዉት። ትልቅ ሆኖ መራመድ ከከለከለዎ እጅዎን ታጥበው፣ በአልኮል በተጠረገ መርፌ ከጠርዙ ወግተው ያፍስሱት፤ ቆዳውን ግን አይላጡት፣ ከሱ የተሻለ ሽፋን የለም። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው መርፌውን አይሞክር፤ ሸፍኖ ወደ ሐኪም ይሂድ።

ሰባተኛ፣ ተራራ ላይ ቢከዳዎ

ቦርሳዎ ውስጥ ትርፍ ማሰሪያ፣ አንድ ጥቅል ሰፊ ፕላስተርና ጥቂት ሜትር ሲባጎ ይኑር። ሶል ሲላቀቅ ሰው መጀመሪያ የሚያስረው አፍንጫውን ነው፤ እሱ ግን መሬት እየነካ በግማሽ ሰዓት ይበጠሳል። ሲባጎውን በሶሉ ጥርሶች መካከል ባለው ጉድጓድ ያሳልፉት፤ ውስጥ ተቀብሮ አይፋተግም። አንድ ዙር በአፍንጫው፣ አንድ ዙር በመሐል እግር፣ አንድ ዙር በተረከዙ በኩል ተሻግሮ ከማሰሪያው ጋር ይያያዝ። ላዩን በፕላስተር መጠቅለል ደረቅ መንገድ ላይ ይረዳል፤ ጭቃ ላይ ግን ወዲያው ይለቃል።

ከሁሉ የሚሻለው ሁለተኛ ጫማ ነው። ቀላል ስኒከር ወይም ኮንጎ ጫማ ቢይዙ ማታ ሰፈር ላይ እግርዎ ይተነፍሳል፣ ወንዝ ሲሻገሩ ዋናውን ጫማ ከመንከር ይድናሉ፣ ሶል ቢወልቅም በእሱ ይመለሳሉ። ወንዝ በባዶ እግር መሻገር ግን ለተንሸራታች ድንጋይና ለወለምታ መጋበዝ ነው።

ስምንተኛ፣ ከተመለሱ በኋላ

ጭቃውን ሳይደርቅ በውሃና በብሩሽ ያውርዱ። የልብስ ሳሙና አይጨምሩ፤ የቆዳውን ቅባት ይዞት ይሄዳል። ማሰሪያውንና የውስጡን ንጣፍ አውጥተው፣ ውስጡን በጋዜጣ ሞልተው ንፋስ ባለበት ጥላ ያኑሩት፤ ጋዜጣው ሲርስ ይቀይሩት። ከሰል ምድጃ ዳር ወይም ፀሐይ ባጋለው ቆርቆሮ ላይ የደረቀ ጫማ ሳምንት ሳይሞላው ቆዳው ይሰነጠቃል፣ ማጣበቂያው ይለቃል። በየሰፈሩ እሳት ዳር «ለማሞቅ» ተብሎ የቀለጠ ሶል ታሪክ አይጠፋም።

ቆዳው ከደረቀ በኋላ ቀለም አልባ የጫማ ቅባት ስስ አድርገው ይቀቡት። ቅቤ፣ ዘይትና ናፍጣ የሚመክሩ አሉ፤ ቆዳውን ያላሽቁታል፣ የቅቤውን ሽታ ደግሞ ሌሊት አይጥ ይወደዋል። ጸጉራም ቆዳ ከሆነ ቅባት ሳይነኩ በደረቅ ብሩሽ ብቻ ያንሱት። በክረምት በላስቲክ ጠቅልለው አያስቀምጡ፣ ይሻግታል፤ የስፖንጁንም መበላሸት ያፈጥነዋል።

ጥገና በሚያስፈልግ ጊዜ ሀገራችን የታደለች ናት፤ ሌላ ቦታ የሚጣል ጫማ እዚህ አንድ ጥግ ላይ የተቀመጠ ጫማ ሰፊ ያስነሣዋል። ስፖንጁ ጤነኛ ከሆነ፣ ሶሉ እንዲጣበቅ ብቻ ሳይሆን ጎኑ ዙሪያውን ሰም በተቀባ ወፍራም ክር እንዲሰፋ ይጠይቁ። የተሰፋ ርካሽ የሀገር ውስጥ ጫማ ካልተሰፋ ውድ ጫማ ረዝሞ ሲሄድ ብዙ ጊዜ ታይቷል። ሁለት ነገር ግን ይንገሩት፦ ወስፌው በጎማው ጎን ይግባ እንጂ የላይኛውን ቆዳ ከፍ አድርጎ አይውጋ፤ በተለይ ውሃ የማያስገባ ሽፋን ያለው ጫማ በዚያ ቀዳዳ ከንቱ ይሆናል። ማስቲሹም ከመቀባቱ በፊት አሮጌው ተፍቆ ይነሣ፣ ከተቀባ በኋላም ጥቂት ደርቆ ይጫን። ጥርሱ ያለቀ ሶል ከመኪና ጎማ በተቆረጠ ሊተካ ይችላል፤ ዕድሜው ረጅም ነው፣ ግን ይከብዳል፣ እርጥብ ድንጋይም አይይዝም፤ ለሰፈር እንጂ ለስሜን አላደርገውም።

ጫማ ሰፊው ጋ የሚሄዱት ከጉዞው ቢያንስ ሁለት ሳምንት አስቀድመው ይሁን። ሲቀበሉት እጅዎን ውስጥ ከትተው የወጣ ክር ወይም ሚስማር ይፈልጉ፤ እዚያው አድርገውት ጥቂት ደረጃ ይውረዱ። የሚቆረቁር ነገር ካለ በዚያች ደቂቃ ያስተካክልልዎታል።